የማይሞተው ቦንድ ያበቃለት በ2006 ነው፦ ለ«ኖ ታይም ቱ ዳይ» ነቀፌታ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ሰላዩ ጄምስ ቦንድ ፊልም፣ ስለ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰው ከሰው እየተቀባበለው ሰሞኑን ለእኔም ከሦስት ወዳጆቼ ደርሶኛል። ሦስቱም «እውነታቸውን አይደል?» የሚል ጥያቄ አያይዘውበታል። እኔ እውነታቸውን አይመስለኝም፤ ነገር ግን ጸሐፊው የጄምስ ቦንድን ፊልሞች በቅጡ የሚያውቁ፣ የሚሉትንም በምሳሌ ለማስደገፍ የደከሙ ሰው በመሆናቸው ጽሑፋቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማጣጣል ተገቢ አይሆንም። ፊልሙን ያላየ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ባያነብ ይመረጣል፤ መጨረሻውን ሳይናገሩ ስለዚህ ፊልም መከራከር አይቻልምና።

ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ቦንድ ከ1962 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ25 ፊልሞች ውስጥ መኖር የቻለው ባለመለወጡና ባለመሞቱ ነው፤ ተዋናዩ ይቀየራል፣ ዘመኑ ይቀየራል፣ እሱ ግን ከእሳትም ከመርዝም አምልጦ ክራባቱን ያስተካክላል። የ2021ዱ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ይህን ከተመልካች ጋር የነበረ ውል አፍርሶ ገደለው፤ ድርጊቱም ደራሲውን ኢያን ፍሌሚንግን መካድ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ጸሐፊው ፍቅርና ልጅ ሰላዩን አልፈስፍሰውታል ይላሉ። 007 የሚለው ቁጥር ለሌላ ሰላይ፣ ያውም ለሴት መሰጠቱን ለዘመኑ ፖለቲካ የተከፈለ ግብር አድርገው ያዩታል። 163 ደቂቃ የሚወስድ ፊልም አክሽን መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ድራማ ሆኗል፣ ባላንጣው ሳፊንም ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም ይላሉ። የቦንድ ፊልም እንዴት መሠራት እንዳለበት ለማሳየት በተደጋጋሚ የሚጠቅሱት የ2012ቱን «ስካይፎል» ነው። ጽሑፋቸውን የሚዘጉት ደግሞ ሰውየውን ገድሎ ሲያበቃ «ጄምስ ቦንድ ይመለሳል» የሚል ጽሑፍ ማሳየት በተመልካች ላይ መቀለድ ነው በማለት ነው።

ጸሐፊው ትክክል ከሆኑበት ልጀምር፤ እሱም ሳፊን ነው። እስከ ፊልሙ አጋማሽ ድረስ የሰውየው ዓላማ ግልጽ ነው፤ ቤተሰቡን በመርዝ የጨረሰበትን ስፔክተር የተባለውን ድርጅት መበቀል ይፈልጋል። የድርጅቱ አባላት ኩባ ላይ በአንድ ሌሊት ካለቁና አለቃቸው ብሎፌልድም ከሞተ በኋላ ግን ሚሊዮኖችን መግደል ለምን እንዳስፈለገው ፊልሙ በአንድ ሁለት ምሳሌያዊ ንግግር አድበስብሶት ያልፋል። ዕድሜውም አይገጥምም። በመክፈቻው ትዕይንት የቦንድ ፍቅረኛ ማድሊን ገና ልጅ ሳለች ሳፊን ጭንብል አጥልቆ ሰው ለመግደል የሚመጣ ሰው ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲገናኙ ግን እኩያሞች ይመስላሉ። ታግታ የነበረችውን የቦንድን ሕፃን ልጅ እጁን ስለነከሰችው ብቻ ለቅቋት መሄዱን ጸሐፊው «አስቂኝ» ብለውታል፤ እኔም የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

ይሁን እንጂ ይህ ጉድለት የሚያረጋግጠው ጸሐፊው እንዳሉት የፊልሙ መሠረት መፍረሱን አይደለም። የሚያወድሱት «ስካይፎል» ራሱ የተገነባው ባላንጣው ሲልቫ ሆን ብሎ ተይዞ፣ ከእስር ቤቱ አምልጦ፣ ከመሬት በታች ያለውን ባቡር በትክክለኛዋ ደቂቃ በቦንድ ላይ እንዲወድቅ በሚያደርግበት ለማመን የሚያስቸግር ዕቅድ ላይ ነው። ያንን ይቅር ያልነው የሲልቫ ቁስል ስለገባን ነበር። ሳፊን ላይ ቁስሉ ቢደበዝዝም መሣሪያው ግን ከቀደሙት ፊልሞች ሁሉ የበለጠ ለቦንድ የተሰፋ ነው ብዬ አምናለሁ። «ሄራክልስ» የተባሉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሮቦቶች የታለመለትን ሰው በዘረ መሉ ለይተው የሚገድሉ ሲሆኑ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉትም በመነካካት ነው። ወደ 60 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከሴት ወደ ሴት በመሄድ ሲታወቅ የኖረ ገጸ ባሕርይ በመጨረሻ የተፈረደበት የሚወዳቸውን ሁለት ሰዎች፣ ማድሊንንና ልጃቸውን፣ ለዘላለም እንዳይነካ ነው። ጸሐፊው ይህን በአንድ ስላቅ ዘልለውታል፤ የፊልሙ ዋና ሐሳብ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

ፍሌሚንግን መካድ የሚለው ክስ ከሁሉ በላይ ያስገርመኛል፤ ቦንድን ለመግደል ከማንም በፊት እጁን ያነሳው ፍሌሚንግ ነውና። በ1957 ያሳተመው «ፍሮም ራሽያ ዊዝ ላቭ» የሚያልቀው ቦንድ በመርዝ ተወግቶ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው፤ በ1958 ቀጣዩ መጽሐፍ እስኪወጣ ድረስ አንባቢ የሰላዩን መሞትና መዳን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በ1964 የታተመውና ፍሌሚንግ በሕይወት ሳለ ያየው የመጨረሻው የቦንድ ልብ ወለድ «ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ» ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦንድ ሞቷል ተብሎ አለቃው ኤም ለጋዜጣ የሕይወት ታሪኩን ይጽፍለታል። ባላንጣው ጃፓን ውስጥ መርዛማ ተክሎች የሞሉበት የአትክልት ስፍራ አለው። ቦንድ የማስታወስ ችሎታውን አጥቶ ሲሄድ፣ ያፈቀረችው ሴት የእሱን ልጅ አርግዛ ትቀራለች፤ እሱ ይህን አያውቅም።

አሁን ይህን ከ2021ዱ ፊልም ጎን እናስቀምጠው። ሳፊን የሚኖርባት ደሴት በጃፓንና በሩሲያ መካከል የምትገኝ፣ የመርዝ የአትክልት ስፍራ ያላት ናት። ቦንድ ሳያውቅ የተወለደችለት ልጅ አለች። በመጨረሻ ኤም ብርጭቆ ይዞ የሚያነበው የስንብት ቃል፣ ሰው ዕድሜ ከማስረዘም ይልቅ ዕድሜውን ሊኖርበት ይገባል የሚለው የጃክ ለንደን አባባል፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከቦንድ የሕይወት ታሪክ ጋር አብሮ ያለ ነው። ዳይሬክተሩ ኬሪ ጆጂ ፉኩናጋና የፊልሙ ጸሐፊዎች ፍሌሚንግን ገለል አድርገው የራሳቸውን ታሪክ ጻፉ ማለት ያስቸግራል። በ1967 በዚሁ መጽሐፍ ስም የተሠራው ፊልም እንኳ የቦንድን ቀብር በመክፈቻው አሳይቷል፤ እርግጥ ሞቱ የውሸት ነበር። «ስካይፎል»ም ቢሆን የሚጀምረው ቦንድ ከባቡር ጣሪያ ተመትቶ ሲወድቅ ነው፤ አለቃውም የሞት ማስታወቂያውን ስትጽፍ እናያለን።

ጸሐፊው ለዚህ መልስ እንደሚኖራቸው እገምታለሁ፤ «በእነዚያ ሁሉ ተመልሷል» ሊሉኝ ነው። ልክ ነው፤ ተመልሷል። ወደ ውሉ ጉዳይ የምንደርሰውም በዚህ ነው። አንድ ሰው ከ1962 እስከ 2002 የተሠሩትን ሃያ ፊልሞች ቢያይ ቦንድ እንዴት ሰላይ እንደሆነ አይነገረውም። በመጀመሪያው ፊልም ሾን ኮነሪ ከካርታ ቁማር ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ሲጋራ እየለኮሰ ስሙን ሲናገር ያኔውኑ 007 ነው፤ ያደገበት የለ፣ የተማረበት የለ፣ የሚያረጅበትም የለም። መነሻ የሌለው ሰው መድረሻ ባይኖረው አይደንቅም። የ2006ቱ «ካሲኖ ሮያል» ግን ይህን ዘዴ እስከ ሥሩ ነቀለው። ፊልሙ የሚከፈተው በጥቁርና ነጭ ምስል፣ ቦንድ የመግደል ፈቃድ የሚያገኝባቸውን ሁለት ግድያዎች ሲፈጽም ነው፤ የመጀመሪያው ግድያ ጭንቅ የበዛበት ትግል ነው። ከዚያ በኋላ ዳንኤል ክሬግ የተወነበት ሰው ምንም ነገር ሳይከተለው አላለፈም። ያፈቀራት ቬስፐር ሞተችበት፤ የ2008ቱ ፊልም የሚጀምረው ከዚያው ታሪክ ማብቂያ ደቂቃዎች ብቻ አልፈው ነው። በ2012 እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጢሙ ሸብቷል፣ ፈተና ይወድቃል። በ2015 መሣሪያውን ወርውሮ ከማድሊን ጋር ይሄዳል። በ2021 ደግሞ በጣሊያኗ ከተማ ማቴራ ከቬስፐር መቃብር ፊት ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቅ እናየዋለን። ይህ በአምስት ክፍል የተነገረ አንድ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሲጀመር ያየነውን ሰው ሲያልቅ ማየት የሚያስደነግጥ ቢሆንም ውል ማፍረስ አይደለም። ክሬግ ራሱም ገጸ ባሕርይው በመጨረሻ እንዲሞት አዘጋጇን ባርባራ ብሮኮሊን የጠየቀው ገና በ2006 እንደነበር በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ስለዚህ ጸሐፊው ሞቱን በ2020ዎቹ ስሜት የተጫነ ውሳኔ ማድረጋቸው ከዘመን ቅደም ተከተሉ ጋር አይሄድም።

በዚሁ ነጥብ ሥር «ሊድን ይችል ነበር» የሚል ክርክርም ቀርቧል። ቦንድ ግን በሳፊን ጥይት ቆስሏል፤ የሚሳይል ማከማቻው በሮች ዳግም ስለተዘጉ ተመልሶ መክፈት ነበረበት፤ ደሴቱን የሚያወድሙት ሚሳይሎችም አስቀድመው ከጦር መርከብ ተተኩሰዋል። አምልጦ ቢሆንስ? የስለላ ድርጅቱ የቴክኖሎጂ ባለሙያ ኪው አንድ ጊዜ ሰውነት ውስጥ የገባ «ሄራክልስ» እንደማይወጣ በግልጽ ተናግሯል። ጸሐፊው «ሳይንስ አንድ ቀን መድኃኒት ያገኝለት ነበር» ይላሉ፤ ይሁን፣ ግን ይህን መመዘኛ ከተቀበልን በየትኛውም ልብ ወለድ ውስጥ ማንም ሰው በቁም ነገር ሊሞት አይችልም።

ፍቅርና ልጅ አልፈሰፈሱት የሚለው ክስ የተመሠረተው ቦንድ ቀድሞ ልበ ደንዳና ብቸኛ ነበር በሚል ትዝታ ላይ ነው። ትዝታው ለብዙዎቹ ፊልሞች ይሠራል፤ በ1979 እስከ ጠፈር የሄደው የሮጀር ሙር ቦንድ ስለ ማንም ሲያለቅስ አይታየኝም። ፍሌሚንግ ግን በ1953 የመጀመሪያ መጽሐፉ ላይ ቦንድን ቬስፐርን ለማግባት እንዲወስን አድርጎ ነበር፤ አሥር ዓመት ቆይቶም በ«ኦን ሀር ማጀስቲስ ሲክሬት ሰርቪስ» ዳረው፣ ወዲያውም ሙሽራይቱን ገደለበት። በ1969 የዚህ መጽሐፍ ፊልም ሲሠራ መጨረሻው አልተለወጠም። ጆርጅ ላዘንቢ በጥይት የተመታች ሚስቱን ታቅፎ ለቆመው ፖሊስ «ጊዜው ሁሉ የእኛ ነው» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ይነግረዋል፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሌላ የሚነግረን የለም። በመሐል ሁለቱ ሲዋደዱ ሉዊ አርምስትሮንግ የሚዘፍነውም ይህንኑ ቃል ነው።

የ2021ዱ ፊልም ይህን ፊልም መሠረቱ እንዳደረገ አይደብቅም። ቦንድ ማቴራ ዳርቻ ላይ መኪና እየነዳ ለማድሊን ያንኑ ቃል ይናገራል፤ ከ1969 ጀምሮ የቦንድን ፊልሞች ያየ ሰው እዚያ ላይ ሆዱ ይቦጫል፣ ቃሉ ምን እንዳስከተለ ያውቃልና። የሙዚቃ ደራሲው ሃንስ ዚመር ጆን ባሪ ለ1969ኙ ፊልም የደረሰውን ዜማ ከሥር ያስገባዋል፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ደግሞ አርምስትሮንግ ራሱ ይዘፍናል። በ1969 ሴቲቱ ሞታ ሰውየው ተረፈ፤ በ2021 ሰውየው ሞቶ ሴቲቱና ልጁ ተረፉ። ጸሐፊው «ባዕድ ስሜታዊነት» ያሉት ነገር በተከታታዩ ፊልሞች ውስጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተጀመረን ሐሳብ ገልብጦ መጨረስ ነው። በሌሎች የስለላ ፊልሞችም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የ2006ቱ ሦስተኛው «ሚሽን ኢምፖሲብል» የተሠራው የኤታን ሃንት ሚስት በመያዟ ዙሪያ ነው።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። በቦንድና በማድሊን መካከል ያለው ፍቅር የቬስፐርን ያህል አይሰማም። የ2015ቱ «ስፔክተር» ሁለቱን በጥድፊያ አጣምሮ፣ ያልበሰለውን ነገር እንዳለ ለቀጣዩ ፊልም አስረከበው። ሊያ ሴዱና ክሬግ ዕዳውን ለመክፈል በርትተዋል፤ ባቡር ጣቢያው ላይ የሚለያዩበት ትዕይንት፣ ኋላም ኖርዌይ ባለው ቤት ቦንድ ለሕፃኗ ቁርስ የሚያዘጋጅበት ጸጥ ያለ ጠዋት ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ይሠራሉ። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልጣላም።

የ007 ቁጥር ነገር ብዙ ቀለም አያስፈጅም። ቁጥሩ የሥራ መደብ እንጂ ስም አይደለም። ፍሌሚንግ በ1955 መጽሐፉ የዚህ ክፍል ሰላዮች 45 ዓመት ሲሞላቸው ከምድቡ እንደሚወጡ ጽፏል፤ ከላይ ባነሳሁት የ1964 መጽሐፍ ደግሞ ኤም ከቦንድ ላይ 007ን አንስቶ 7777 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። በፊልሙ ውስጥ ቦንድ ሥራውን ትቶ አምስት ዓመት ሲቀመጥ መደቡ በሌላ ሰው መያዙ በየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚጠበቅ ነው። ላሻና ሊንች የተወነችባት ኖሚ ወደ ደሴቱ ከመሄዳቸው በፊት ቁጥሩ ለቦንድ እንዲመለስለት ራሷ ኤምን ትጠይቃለች። ጸሐፊው ይህን ትዕይንት አለመጥቀሳቸው ያሳዝናል፤ ስለ ቁጥሩ የተናገሩት ሁሉ ከዚህ ትዕይንት በኋላ የሚቆም አይመስለኝምና።

ወደ ርዝመቱ ስንመጣ፣ 163 ደቂቃ ከቦንድ ፊልሞች ሁሉ ረጅሙ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው «በልኩ የተቆረጠ» ያሉት «ስካይፎል» 143 ደቂቃ ነው፤ ክርክሩ ስለ ሃያ ደቂቃ ነው ማለት ነው። ማጠር ብቻውን ፊልም የማያድን መሆኑን ለማየት ደግሞ የ2008ቱን «ኳንተም ኦፍ ሶላስ» ማስታወስ ይበቃል። በ106 ደቂቃ ከሁሉም አጭሩ ነው፤ በጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ወቅት ድርሰቱ ሳይበስል የተቀረጸ በመሆኑም ማን ማንን ለምን እንደሚያሳድድ ሳይገባን ያልቃል።

አክሽን የለውም የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበለውም። ማቴራ ላይ ቦንድ ጥይት እየዘነበበት መኪናው ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥባቸው ሴኮንዶች ከፍንዳታው ይልቅ ያስጨንቃሉ፤ ጥይት የማይበሳው መስታወት ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ ቦንድ የሚያስበው ስለ ማምለጥ ሳይሆን ከጎኑ ያለችው ሴት ከድታው እንደሆነ ነው። ፍልሚያውና የፍቅር ታሪኩ እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ኖርዌይ ውስጥ ጭጋግ በዋጠው ጫካ መኪኖችን በሽቦ ገመድ የሚጥልበት ትዕይንትም አለ፤ የሊነስ ሳንድግሬን ካሜራ ከጭጋጉ ውስጥ ማን እንደሚወጣ እንደ ቦንድ ሁሉ እኛንም ያስጠብቀናል። በመጨረሻም ካሜራው ሳይቋረጥ የተከተለው በሚመስል ረጅም ቀረጻ ደረጃ እየወጣ ሲዋጋ ይታያል፤ ጆሮው ደንዝዟል፣ ትንፋሹ አጥሯል፣ እያንዳንዱ ፎቅ ከቀዳሚው ይከብደዋል። ሊያስቆርጥ የሚችል ነገር ቢኖር በደሴቲቱ ላይ በቦንድና በሳፊን መካከል የሚደረገው ረጅም ንግግር ነው። በምትኩ አና ዴ አርማስ የተወነችባት ፓሎማ ኩባ ላይ ብቅ ብላ ከመጥፋት ይልቅ ጥቂት ብትቆይ ደስታዬ ነበር።

የቀረው «ጄምስ ቦንድ ይመለሳል» የሚለው ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ይህን ቀልድ ያሉት 25ቱ ፊልሞች የአንድ ሰው ታሪክ ናቸው ብለው ስለሚያምኑ ነው። በ1981 ሮጀር ሙር ላዘንቢ በ1969 ያገባትን ሴት መቃብር ጎብኝቷል፤ ስለዚህ የእነዚያ ዓመታት ቦንድ አንድ ሰው ነበር ቢባል ያስኬዳል። የክሬግ ቦንድ ግን ያቺን ሴት አላገባም፣ አልቀበራትም፣ ስሟንም አንስቶ አያውቅም። ጁዲ ዴንች ከ1995 ጀምሮ በአራት ፊልሞች የፒርስ ብሮስናን አለቃ ነበረች፤ በብዙ ተልእኮ የተፈተነ ሰላይ አድርጋ ስታዘው ኖራለች። በ2006 ያችው ዴንች፣ ያንኑ ኤምን ሆና፣ ከአዲሱ ቦንድ ፊት ቆማ ሹመቱን ቶሎ እንደሰጠችው እየተቆጨች እንደ ጀማሪ ገሠጸችው። ያን ቀን «የብሮስናኑ ቦንድ የት ገባ?» ብሎ የጠየቀ ተመልካች አላጋጠመኝም፤ ጸሐፊውም ስለ «ካሲኖ ሮያል» በአድናቆት በጻፉት አንቀጽ ውስጥ አልጠየቁም።